ከሰል በኮላ ፋይበር ላይ ለጥፌ የቲነር ማስክ ሰራሁ፣ ሽታው ግን እንዳለ ይገባል፣ ምን አጥፍቼ ነው?

ቫርኒሹ (ኮምቦልቻ)
ሰላም ጀመዓው እንዴት ናችሁ። እኔ ኮምቦልቻ በርበሬ ወንዝ አካባቢ የእንጨት ስራ ቤት አለችኝ፣ አልጋ ቁምሳጥን ምናምን ነው ምንሰራው። ስፕሬይ ምንቀባው ከኋላ ባለችው ክፍል ውስጥ ነው፣ መስኮቷ አንድ ነው እሱም ጎረቤት ግቢ ስለሚያይ አይከፈትም። ቀቢው ታናሽ ወንድሜ ነው። ሰሞኑን ማታ ማታ ራሴን ራሴን እያለ ነው፣ እራት ሲቀርብለት ወጡ ቲነር ቲነር ይለኛል ብሎ ይተወዋል። ሚያደርገው ያን የኮሮና ጊዜ ሰማያዊ ማስክ ነው ሁለቱን ደርቦ።

እና ከሰል ሽታ ይይዛል ሲባል ስለሰማሁ ራሴ ልስራለት ብዬ ከሰል በሙቀጫ ወቀጥኩ፣ በዱቄት ወንፊት ነፋሁት (ባለቤቴ እስካሁን አልታረቀችኝም)፣ ከትራስ ውስጥ ፋይበር አወጣሁና ዘርግቼ ኮላ በውሃ አቅጥኜ ቀብቼ ዱቄቱን ነሰነስኩበት። ሲደርቅ እንደ ቂጣ ደርቆ ቀረ። በሁለት ጨርቅ መሃል ሰፍቼ ሰጠሁት። ውጤቱ፣ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ሽታው እንዳለ ይገባል፣ ሲያወልቀው ደሞ አፍንጫው እንደ ጋራዥ ልጅ ጥቁር። ምኑን ነው ያበላሸሁት?

የሐረጎ_ሹፌር
ወላሂ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ ግን ነገሩ አያስቅም። በዝግ ክፍል ቲነር እየነፋችሁ ነው ማለት ነው? ማስኩን ተወውና ግድግዳውን ብሳ።

ቲቸር_ጦሳ (ደሴ)
ልጄ ሙከራህ መጥፎ አደለም፣ ሁለት ነገር ነው የሳትከው።

አንደኛ ምድጃ ላይ ምትጨምረው ከሰልና አክቲቬትድ ካርበን ሚባለው ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አደሉም። ተራው ከሰል ቀዳዳ አለው ግን አብዛኛው ከእንጨቱ በወጣ ሬንጅ መሳይ ነገር የተደፈነ ነው። አክቲቬትድ ለማድረግ እንደገና ከ800 እስከ 1000 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ከተው እንፋሎት ይለቁበታል፣ እንፋሎቱ ካርበኑን እየበላ በአይን የማይታይ ዋሻ ይቆፍርበታል። ከዛ በኋላ አንዷ ግራም ውስጥ ያለው የገፅ ስፋት ከ500 እስከ 1500 ካሬ ሜትር ይሆናል። የኳስ ሜዳ 105 በ68 ነው አደል፣ ሰባት ሺ ካሬ ሜትር ገደማ። ያን ሚያህል ሜዳ በአንድ የሾርባ ማንኪያ ካርበን ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል በለው።

ሽታውን እንደ ስፖንጅ ይመጠዋል ሲሉ ትሰማለህ፣ መምጠጥ አደለም። የቲነሩ ሞለኪውል የዋሻው ግድግዳ ላይ ሄዶ ይለጠፋል፣ አድሶርፕሽን ሚባለው እሱ ነው፣ ስለዚህ ግድግዳው ባዶና ክፍት መሆን አለበት።

ሁለተኛ ኮላው። ያን ሁሉ ዋሻ አፉን በኮላ ለቅልቀህ ዘጋኸው። አክቲቬትድ ካርበን እንኳን ብታገኝ በኮላ ከቀባኸው ጥቁር ድንጋይ ነው ሚሆነው።

ቫርኒሹ
ቲቸር እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን ካለ ኮላ በምን ይያዝልኝ? ዝም ብዬ ብነሰንሰው ይረግፋል እኮ። ወንድሜ ሳንባ ውስጥ ነው ሚረግፈው።

ስፒነር
አሁን ወደ ሙያዬ መጣህልኝ 😄 እኔ እዛው ኮምቦልቻ ነው ቴክስታይል የተማርኩት፣ አሁን ሸገር ነኝ።

ያንተ ጥያቄ እኮ ትላልቅ ፋብሪካዎች ስንት ዘመን የለፉበት ጥያቄ ነው፣ ቅንጣቱን አጥብቀህ ያዝ ግን አታፍነው። መልሱ ቅንጣቱን ሙሉ በሙሉ መቀባት ሳይሆን አንድ ሁለት ቦታ ላይ ብቻ በነጥብ መያዝ ነው። ህፃን ልጅ በእጁ ስትይዝ ማለት ነው፣ አንገቱን አደለም ምትይዘው።

አንዱ መንገድ እንዲ ነው። ሁለት አይነት ፕላስቲክ ያለው ክር አለ፣ መሃሉ ፖሊስተር ወይ ፖሊፕሮፒሊን፣ ላዩ ደሞ ቶሎ ሚቀልጥ ፖሊኢትሊን ልክ እንደ ገመድ በላስቲክ ሲሸፈን። ካርበኑን ክሩ መሃል ይበትኑትና 130 ምናምን ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ያሳልፉታል፣ ላዩ ብቻ ይለሰልሳል፣ ክርና ክር ሲነካካ ይጣበቃል፣ ክርና ቅንጣት ሲነካካም ይጣበቃል፣ ሲቀዘቅዝ አለቀ። ክሩ ድቡልቡል ቅንጣቱ ሻካራ ስለሆነ ሚነካኩት በጣም ትንሽ ቦታ ላይ ነው፣ የቀረው ገፅ ሁሉ ክፍት ነው። ኮላ ግን ፈሳሽ ስለሆነ የትም ይሮጣል፣ ቀጭን ቀዳዳ ካገኘ ደሞ ራሱ ይሳባል።

ሌላው መንገድ ሜልትብሎውን ነው። የማስክ መሃለኛው ስስ ነጭ ሽፋን እሱ ነው፣ ቀልጦ የሚወጣ ፖሊፕሮፒሊን በጋለ አየር ተነፍቶ ከ1 እስከ 5 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ድረስ ቀጥኖ እንደ ሸረሪት ድር ሲያርፍ። (አሜሪካኖቹ በ1950ዎቹ ባህር ሀይላቸው ላብራቶሪ ውስጥ የጀመሩት ለማስክ አልነበረም፣ አየር ላይ የተበተነ የኒውክሌር ቦምብ ሙከራ ብናኝ ለመያዝ ነበር።) ክሩ ገና በአየር ላይ እየበረረ ካርበኑን ከጎን ይረጩበታል፣ አብረው ያርፋሉ፣ ቅንጣቱ ድሩ ውስጥ ተጠላልፎ ይቀራል። ኮላ ሚባል ነገር የለም እዚ ውስጥ።

እና አንድ ነገር ልጨምርልህ የትራሱ ፋይበር ራሱ አታሎሃል። ያ ፋይበር እንዳይቋጠር ተብሎ ሲሊኮን ይቀባል፣ ሙልጭልጭ ነው፣ ወፍራምም ነው። ምንም ነገር እንዳይዝ የተሰራ ነገር ላይ ነው ያዝልኝ ያልከው።

ቫርኒሹ
ኧረ ለዚ ነው ለካ! ስነሰንስበት እንደ ጤፍ እየተንሸራተተ ሲያስቸግረኝ የነበረው

ሰኞገበያ_ፓርትስ
እኔ መለዋወጫ ነው ምሸጠው ደሴ፣ ቴክስታይል ምናምን አላውቅም ግን ይሄን ነገር በየቀኑ እነካዋለሁ። የመኪና ኤሲ ፊልትሮ (ከተሳፋሪው ፊት ካለችው የዕቃ ሳጥን ጀርባ ሚገባው) ነጭና ጥቁር ይመጣል፣ ነጩ አቧራ ብቻ ነው፣ ጥቁሩ ካርበን አለው። አንድ ቀን ጥቁሩን በምላጭ ቀደድኩት፣ በሁለት ስስ ጨርቅ መሃል እንደ ኑግ ያለ ፍሬ ተደርድሯል፣ በጣቴ ስፈትገው እንኳን ቶሎ አይለቅም። ሌላ ርካሽ ነገር ደሞ መጥቶልኝ ነበር፣ ጥቁር ነው ግን ብቀደው ፍሬ ሚባል የለውም፣ ጨርቁ ራሱ ጥቁር ቀለም የተነከረ ነው። እኔም ሳላውቅ ለስንቱ ሸጥኩት አላህ ይቅር ይበለኝ።

የሐረጎ_ሹፌር
አንተ ነህ ለካ የሸጥክልኝ 😂 ሐረጎ ላይ ከአንድ ትራክ ኋላ ስገባ ጭሱ ጉሮሮዬ ድረስ ነበር ሚመጣው

ስፒነር
ጥቁሩ ሁሉ ካርበን አደለም ትክክል ነው፣ ማስክም ላይ ይሄ ማታለል ሞልቷል። ሹፌራችን ግን እውነተኛው ቢሆንም ጭሱ ውስጥ ያለውን ካርበን ሞኖክሳይድ ሚባል መርዛም ጋዝ አይዝልህም፣ ሽታውን ነው ሚቀንስልህ፣ ስለዚህ ሽታ የለም ብለህ በዝግ ጋራዥ ሞተር አስነስተህ እንዳትተኛ። ደሞ ፍሬውን በክር መያዙ ሌላ ጥቅም አለው፣ ልል ፍሬ ጣሳ ውስጥ ብትሞላ መኪና ሲንገጫገጭ ወደ ታች ይጠቀጠቅና ከላይ ክፍተት ይፈጠራል፣ አየሩ ደሞ ሰነፍ ነው በቀላሉ መንገድ ነው ሚሄደው፣ በክፍተቱ ሳይነካ ያልፋል። ፋይበር ውስጥ ሲሆን እያንዳንዱ ፍሬ ቦታ ቦታውን ይዞ ተራርቆ ስለሚቀመጥ አየር በመሃሉ ይሄዳል፣ ትንፋሽም አያሳጥርም።

ያንተ ዱቄት ትንፋሽ ያሳጠረው ለዛ ነው ቫርኒሹ፣ በጣም አደቀቅከው። ሲደቅ ቶሎ ይይዛል እውነት ነው ግን ይደፍናል ይቦንናል፣ ሲተልቅ ደሞ አየሩ ሳይያዝ ያመልጣል። እንደዚ አይነት ጨርቅ ላይ ግማሽ ሚሊ አካባቢ ያለ ፍሬ ጥሩ ነው፣ ከሽሮ ወፍራም ከስኳር ትንሽ።

ዘሃራ_ዘፒያሳ
ይቅርታ ርእስ ላስቀይር ነው፣ እኔ ደሴ ፒያሳ የውሃ ማጣሪያ ገዝቻለሁ ውስጡ ነጭ ክር የተጠቀለለበትና ጥቁር ነገር ያለው፣ ጀበናዬ ውስጥ ያለው ነጭ ቅርፊት ግን አልቀረም፣ አታለሉኝ ማለት ነው?

ቲቸር_ጦሳ
አላታለሉሽም እህቴ፣ ስራው እሱ ስላልሆነ ነው። ነጩ ክር ጭቃና ዝገት ይይዛል፣ ጥቁሩ ካርበን የክሎሪን ሽታና አንዳንድ ኬሚካል ያነሳል። የጀበናሽ ቅርፊት በውሃው የሟሟ ካልሲየም ነው፣ ካርበን አይነካውም። ፍሎራይድም አይዝም፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ለፍሎራይድ የተጠቀሙት ከአጥንት የተቃጠለ ከሰል ነው እሱ ሌላ ነገር ነው። ደሞ ጀርም አይገድልም፣ እንዲያውም ክሎሪኑን ካነሳው በኋላ ያረጀ ማጣሪያ ውስጥ ባክቴሪያ ሊራባ ይችላል፣ በጊዜው ቀይሪው። ጀበናሽን በሎሚ አፍይው ይለቃል።

ዘሃራ_ዘፒያሳ
አመሰግናለሁ ጋሼ 🙏 ሎሚው ሰርቷል ጀበናው ግን ቡናው ሎሚ ሎሚ አለኝ

ፌዘኛው
ለቫርኒሹ ነፃ ምክር፣ ካርበኑ ቲነር ሲጠግብ እንጀራ ምጣድ ላይ ጣል አርገህ ቆላ ቆላ አርገው እንደ አዲስ ይሆናል

ቲቸር_ጦሳ
አንተ ልጅ እንዲ አይነት ቀልድ አይቀለድም!! ቲነር የጠገበ ካርበን ምጣድ ላይ ማድረግ ማለት ቤትህን አቃጥል ማለት ነው። ፋብሪካ ውስጥ ያገለገለ ካርበን በሙቀት ያድሱታል እውነት ነው፣ ግን አየር በሌለበት ምድጃ ውስጥ ነው የሚወጣውንም ጋዝ ይዘው። እባክህ አንዱ አምኖ ይሞክረዋል ሰርዘው።

ፌዘኛው
እሺ ቲቸር አጥፍቻለሁ፣ ሳልጠየቅ ተንበርክኬአለሁ

ወሎዬው_በስደት
እኔ ጀርመን የመኪና ቀለም ቤት ነው ምሰራው፣ ያደግኩት ደሴ አራዳ። ወንድሜ ቫርኒሹ ሳይንሱ ሸጋ ነው ይቀጥል ግን ለወንድምህ ፊት ቤት የተሰራ ነገር አታድርግለት በፈጠረህ። ጎማ ያለውን ግማሽ ፊት ሚሸፍነውን ማስክ ግዛለት፣ ካርትሪጁ (ማስኩ ላይ ሚገጠመው የማጣሪያ ጣሳ) ላይ ኤ ሚል ፊደል ፈልግ፣ በአውሮፓ አሰራር ኤ ማለት እንደ ቲነር ላለ የኦርጋኒክ ተን ነው መስመሩም ቡናማ ነው። የአሜሪካኑ ደሞ ለዚሁ ነገር ጥቁር ነው ሚያደርገው። ቢጫ አይተህ አትሸወድ፣ በአንዱ አሰራር ለአሲድ ጋዝ ነው በሌላው ሁለቱንም ይይዛል፣ ስለዚህ ቀለሙን ሳይሆን ፅሁፉን አንብብ። ከፊቱ ደሞ የብናኝ ማጣሪያ ይኑረው፣ ስፕሬዩ ጉም ነው ሚሰራው፣ ጉሙ ካርበኑ ላይ ካረፈ ያው ኮላ ቀባኸው ማለት ነው።

ስራ ሲጨርስ በሚዘጋ ላስቲክ ውስጥ አሽጎ ያስቀምጠው። ግድግዳ ላይ ከሰቀለው ሌሊቱን ሙሉ የክፍሉን ሽታ ሲለቅም ያድራል። ደሞ ውስጡ የተያዘው ቲነር ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ ሌሊት ቀስ እያለ ወደ ውስጠኛው ወገን ይሄዳል፣ ጠዋት ሲያደርገው በመጀመሪያው ትንፋሽ ይሸተዋል፣ ያኔ ጣለው አትሳሳ።

ቫርኒሹ
ዋጋውን ጠይቄ ነበር ወንድሜ የአንድ አልጋ ትርፍ ነው

ወሎዬው_በስደት
አልጋ ትሰራለህ አደል፣ ወንድም ግን አትሰራም። ይቅርታ ኮስተር አልኩብህ፣ እኔም ጀማሪ ሆኜ ራሴን እያመመኝ ስሰራ ነበርና ነው።

ቫርኒሹ
ልክ ነህ አልተቀየምኩም። ቅዳሜ ለአዲስ አበባ ሰው ገንዘብ እልካለሁ።

ስፒነር
ማስኩን ግዛ፣ ሙከራውን ግን አትተው፣ ካርበን ጨርቅ ለሌላ ብዙ ነገር ይሆንሃል፣ የቲነር ጨርቅ ምታስቀምጥበት ሳጥን ክዳን ላይ፣ የቀለም ቁምሳጥን ውስጥ። እንዲ ሞክር። ጃኬት ውስጥ ሚገባ ሉህ የሆነ ወፈር ያለ ጥጥ መሳይ አለ፣ ዋዲንግ ይባላል፣ ጋርመንት ምትሰራ ዘመድ ካለችህ ቁራጭ አይጠፋም። ብዙው ዋዲንግ ውስጥ ሎው ሜልት ሚባል ክር አለበት 110 ዲግሪ አካባቢ ሚለሰልስ፣ ተራው ፖሊስተር ግን 250 ምናምን ድረስ አይቀልጥም ስለዚህ ቅርፁ አይጠፋም። ካርበን ከውሃ ማጣሪያ ካርትሪጅ ውስጥ ታገኛለህ፣ ልል ፍሬ ያለውን ግዛ፣ በሰም የተጠፈጠፈ ሚመስለውን ድፍኑን አይደለም። ዋዲንጉን ለሁለት ሰንጥቀህ ፍሬውን በትንህ መልሰህ ገጥመህ በወረቀት ሸፍነህ በካውያ፣ ሁለት ነጥብ ላይ፣ ተጫነው እንጂ አትግፋው።

ቲቸር_ጦሳ
ሽታ በአፍንጫ አትለካ፣ አፍንጫ ቶሎ ይለምዳል። ሁለት ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አንድ አንድ ጠብታ ሰማያዊ ቀለም ጨምር፣ በአንዱ የኮላውን በሌላው ካለ ኮላ የሰራኸውን ቁራጭ ክተትና አሳድረው። ቀለሙም እንደ ቲነሩ ግድግዳ ላይ ነው ሚለጠፈው።

ቫርኒሹ (ከስምንት ቀን በኋላ)
ጀመዓው ተመልሻለሁ። መብራት ሶስት ቀን እየሄደ ካውያውን አላስነካ ብሎኝ ነው የዘገየሁት።

ዋዲንጉን የአክስቴ ልጅ አመጣችልኝ። ካርትሪጅ ገዝቼ ቀደድኩት፣ ፍሬው እንደ ሰሊጥ ነው። ገና ውሃ ውስጥ ቆንጥሬ ስጥለው ሽሽሽ ብሎ አረፋ አወጣ፣ እንደ አምቦ ውሃ፣ ሁለት ደቂቃ ሙሉ አላቆመም። ዋሻው ውስጥ ያለው አየር ነው አደል ቲቸር? የኔን የኮላ ቂጣ ስከት ሁለት ሶስት አረፋ ወጥቶ ዝም አለ። እዛው ገባኝ።

ካውያው በመጀመሪያ አንድ ነጥብ ላይ ነበር ምንም አልያዘም፣ ሶስት ላይ ሳደርገው ደሞ ወረቀቱ ጋር ተጣብቆ ሽታው ቤቱን ሞላው ባለቤቴ አሁንስ በዛ ብላ ወጣች። ሁለት ላይ ቀስ ብዬ አስር አስር ሰከንድ ስጫነው ያዘ። ከዛ ወርቅ ሰሪ ጓደኛዬ ጋ ሄጄ በሚዛኑ ላይ አስቀመጥነው፣ 12 ግራም። ሃምሳ ጊዜ አራገፍኩት፣ 11.6። የትራስ ፋይበሩ ላይ ካለ ኮላ በትኜ የሰራሁት ግን ከ12 ወደ 7.4 ወረደ፣ የጓደኛዬ ጠረጴዛ ጥቁር ሆነ፣ የወርቅ ብናኝ ያለበት ጠረጴዛ ስለሆነ መጥረግ እንኳን አልፈቀደልኝም ራሱ በላባ ሰበሰበው።

ቀለሙ ደሞ፣ የኮላው ብርጭቆ ጠዋትም እንደ ማታው ሰማያዊ ነው። የካውያው ንፁህ አደለም ግን ጣትህን ከጀርባው ታያለህ።

ቲቸር_ጦሳ
አየሩ ነው። ውሃው ሲገባ አየሩ ይወጣል። 28 አመት ኬሚስትሪ አስተምሬ በወርቅ ሰሪ ሚዛን ፊልተር የለካ ተማሪ አልገጠመኝም።

ስፒነር
ጠርዙ ላይ ነው ምትረግፈው እሷ 0.4 ግራም፣ ዙሪያውን ፍሬ አትበትንበት ሁለት ጣት ያህል ባዶ ተውና እሱን ብቻ ጠበቅ አርገህ ተኩሰው።

የሐረጎ_ሹፌር
እኔ ምጠይቀው አንድ ነገር ነው፣ ግድግዳው ተበሳ?

ቫርኒሹ
አብሽር ተበስቷል። ጎረቤቴ ሽታው ወደኔ እንዳይመጣ አለኝ፣ ቱቦውን ከጣራ በላይ አሳልፌ ፋን ገጠምኩበት፣ ሞተሩ ብልጭታ እንዳይሰጥ ከቱቦው ውጪ ነው ያደረግነው። ማስኩም ሀሙስ ደርሷል ቡናማ መስመር ያለው። ወንድሜ ትላንት ማታ ሽሮ ሁለቴ አስጨምሮ በላ።

ዘሃራ_ዘፒያሳ
ያ የካውያው ጨርቅ ጫማ መደርደሪያ ውስጥ ይሆናል? ባሌ ኳስ ተጫዋች ነው 😅

ቫርኒሹ
ይሆናል እህቴ፣ ማክሰኞ ደሴ እወጣለሁ ሁለት ቁራጭ ይዤልሽ እመጣለሁ። ጠርዙን ስፒነር እንዳለው ነው ምተኩሰው።